የሃልቫዴል እሁድ

ከመርከቡ ማረፊያ እስከ ሃልቫዴል ያለው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ስፋቱ ግን አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከፊት ሌላ መኪና ከመጣ አንዱ ወደ ዳር ወጣ ብሎ ይቆማል። አላፊው ከመሪው ላይ አንዲት ጣቱን ያነሳል፣ የቆመውም ያነሳል። ጣቱን ያላነሳ ሰው እንግዳ ነው፣ ያለዚያም ተጣልቷል። የፖስታ መኪና ነጂው ቶርከል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣቱን ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን በወሬ ተጠምዶ ሁለት መኪና ዝም ብሎ አለፈ።

«አጎት ቶርከል፣ ሰውዬው እኮ ጣቱን አነሳ!» አለችው አጠገቡ የተቀመጠችው ሺላስ።

«ያንሳ። ነገ እክሰዋለሁ። ለመሆኑ እዚያ ፈርሶ የቀረ መንደር ድረስ ብቻዬን እሄዳለሁ ነው የምትይኝ?»

«መች ከሰው ጋር ሄጄ አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው። ሺላስ ግላስጎው ከተማ ውስጥ አስተማሪ ናት፣ ዕድሜዋ ገና ሠላሳ አልሞላም። እናቷ ማርሳሊ የሃልቫዴል ልጅ ናት፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሥራ ፍለጋ ወጥታ እዚያው ቀረች። ልጅቱ ግን ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሻንጣዋን በጀርባዋ አዝላ ወደ ሰሜን ትመጣለች። አውቶቡስ እስከሚሄድበት በአውቶቡስ፣ ጀልባ እስከሚሄድበት በጀልባ፣ የቀረውን በእግሯ። የስካይን ደሴት ጨርሳለች፣ ኦርክኒን ጨርሳለች፣ የደጋውን ሸንተረር ከዳር እስከ ዳር አዳርሳዋለች። የሄደችበትን መንገድ ካርታ ላይ በቀይ እርሳስ ታሰምርበታለች። የኛ ሰዎች መጀመሪያ መጀመሪያ «ይህች ልጅ ምን ጠፍቶባት ነው?» ይሉ ነበር። በኋላ ለመዱት።

ቶርከልና ሚስቱ ቤሃክ ልጅ አልወለዱም። ሺላስ የምታርፈው እነሱ ቤት ነው፤ ስትመጣ ቤሃክ ሁለት ቀን አስቀድማ ነው አልጋውን የምታነጥፈው። ዘንድሮ ደግሞ የልጅቱ አመጣጥ ለእግር ጉዞ ብቻ አልነበረም። የመንደሩ አስተማሪ ጡረታ ወጥተዋል። የቀሩት ተማሪዎች አሥራ አንድ ናቸው፤ ሰው ካልተገኘ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው። ሺላስ «እኔ እመጣለሁ» ብላ ጽፋለች። ሰኞ ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሁን ካሉ ያልቃል፤ እነሱ ያላሉትን ሰው እኛ ሰፈር ማንም አይቀጥርም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቶርከል ራሱ ነው። ሌላው ፊንላይ ነው፤ የፊንላይ ምላስ ደግሞ ምላጭ ነው።

«ፊንላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አላት ቶርከል። «‹ብቻዋን ተራራ ለተራራ የምትዞር ሴት ልጆቻችንን ምን ልታስተምር ነው? መዞር?› ነው ያለው።»

«ጂኦግራፊ በለው።»

«ቀልጂ አንቺ። እኔ የምልሽ፣ ይህችን ሳምንት አደራሽን። ነገ ሂጂ፣ ማዶ የእረኞቹ ጎጆ ውስጥ እደሪ፣ ቅዳሜ ሳይመሽ ቤት ግቢ። እሁድ መንገድ ላይ ፊንላይ ካየሽ አበቃልሽ።»

«ሰንበት እዚያ ማዶ ቢይዘኝስ?»

«ከያዘሽማ ያዘሽ። እዚያው ቁጭ በይ። ተራራው የትም አይሄድ፣ ሰኞ ታገኚዋለሽ።»

«ስንቄ ቢያልቅስ?»

«ትጾሚያለሽ። ፊንላይ ሲሰማ ደስ ይለዋል።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል፤ ምን እንደሚያስከትልበት ማን ያውቃል?

አርብ ጠዋት ቀዩን የዝናብ ጃኬቷን ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ቤሃክ የአጃ ቂጣና አይብ ቋጠረችላት። የምትሄድበት መንገድ ከመንደሩ በላይ ያለውን ሸንተረር ተሻግሮ ባሕር ዳር ወዳለው ባዶ መንደር ይወርዳል። በድሮ ጊዜ ባለመሬቱ ለበግ ግጦሽ ሲል ሰዎቹን አባርሮ ጣሪያቸውን ያቃጠለበት መንደር ነው። የማርሳሊ ቅድመ አያቶች ከዚያ ነው የተባረሩት። አሁን ያለው አንድ የእረኞች ጎጆ ብቻ ነው፤ ጎጆዋ ምድጃ አላት፣ ጣሪያዋም አያፈስም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጭጋግ ወረደ። ሃልቫዴል ጭጋግ ሲወርድ ቀስ ብሎ አይደለም፤ ዓይንህን ስታሽ ተራራው የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እኛ ዘንድ የጥድፊያ ሰዓት ነው። የእሁድ ውሃ የሚቀዳው ያኔ ነው። የእሁድ ድንች ይላጣል፣ ሥጋው ይቀቀላል፣ ከረግረጉ ቆርጠን ያደረቅነው የአፈር ማገዶ ቤት ይገባል፣ ከገመድ ላይ ልብስ ይነሳል፣ ወንዱ ጢሙን ይላጫል። እሁድ ከተጸለየና ከተበላ በቀር ምንም አይሠራም። ቤሃክ አንዲት ድንች ልጣ አንዴ በመስኮት ታያለች፣ ሌላዋን ልጣ ሌላ ጊዜ ታያለች።

«እስካሁን መድረስ ነበረባት» አለች።

«ጭጋጉ ይዟት ነው» አለ ቶርከል። «በጭጋግ አትንቀሳቀሺ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጎጆው ውስጥ እሳቷን እየሞቀች ነው።»

«ሰው እንላክ እንዴ?»

«በዚህ ጭጋግ ማንን? የሚላከውን ሰው ደግሞ ማን ይፈልገዋል?»

ያም ሆኖ መኪናውን አስነስቶ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ነዳና ከግማሽ ሰዓት በላይ ጡሩምባ ሲነፋ ቆየ። የመለሰለት በግ ብቻ ነው። ሲመለስ ፊንላይን በሩ ላይ ቆሞ አገኘው።

«እንግዳችሁ አልገባችም አሉ» አለ ፊንላይ።

«አልገባችም። ሰንበት ስለደረሰባት እዚያው ተቀምጣለች። እንደሱ ብዬ ነው የላክኋት።»

«ከተቀመጠች መልካም። ማንነቷ እዚህ ላይ ይታያል።»

ቤሃክ ከጓዳ ወጣች። «ነፍስ ለማዳን ከሆነ እኮ ሰንበት አይከለክልም፣ ፊንላይ።»

«ማን ይከለክላል አለ? በሬም ጉድጓድ ከገባ ይወጣል። ግን ጉድጓድ የገባ በሬ አይታችኋል? አላያችሁም። ልጅቱ ሰንበት እያከበረች ከሆነ ፍለጋ ብሎ ሄዶ ሰንበቷን ማፍረስ ምን ይባላል?»

እውነቱን ለመናገር ቶርከልን በነገሩ ኩራት ቢጤም ተሰምቶታል። ሺላስ ልጃችን ናት፣ ወጋችንን ታውቃለች፣ ቃሌን ሰምታ ቁጭ ብላለች ብሎ አሰበ። በዚያ ሐሳብ ተኛ።

እሁድ ሲነጋ ጭጋጉ የለም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ከሰሜን አጥንት የሚሰብር ነፋስ ይነፍሳል። ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ መንደሩ በሙሉ ጥቁሩን ለብሶ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ሦስት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መኪና ያለውም የሌለውም በእግሩ ነው የሚሄደው። ወንዶች ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ፣ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆኑ። ሳቅ የለም፣ የዓለም ወሬ የለም። ዓይን ወደ መሬት ነው፤ ሰንበት ላይ ወደ ተራራ እያንጋጠጡ መሄድ የሥራ ቀን ልማድ ነው ይባላል።

ቶርከል ግን በግ ጠባቂ ሆኖ ነው ያደገው። የበግ ጠባቂ ዓይን ሰንበትን አያውቅም፣ አመለኛ ነው። ድልድዩን እንዳለፉ ሳያስበው ወደ ሸንተረሩ አየ። ጫፉ ላይ፣ ትልቁ ድንጋይ አጠገብ፣ ቀይ ነገር አለ። ይንቀሳቀሳል።

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ተመስገን አለ በልቡ፣ ደህና ናት! ወዲያው ደግሞ ክው አለ። ምን ሆና ነው? እሁድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀይ ለብሳ፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት ሰዓት፣ በሰው ሁሉ አናት ላይ! አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ታግሣ መቀመጥ ያቅታታል? ሰላም እያለችን ይሆናል፣ የከተማ ልጅ አይደለች፣ እጇን እያውለበለበች ይሆናል አለ። ፊንላይ ካያት ነገ ማታ ስብሰባው ላይ ቆርጦ ነው የሚጥላት። ትምህርት ቤቱም አለቀለት፣ እሷም አለቀላት፣ ቤሃክም ልቧ ይሰበራል።

ምን አደረገ? ፈጠን ብሎ ከፊንላይ ጎን ገባ፤ ተራራው ባለበት በኩል። በሰፊ ትከሻው ጋረደው። ሰንበት ላይ የበግ ዋጋ አይወራ ነገር፣ አንድ የሚፈቀድ ጨዋታ ፈለገና አገኘ።

«ፊንላይ፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ» አለ። «ሰው ገና ሳይወለድ መዳን አለመዳኑ ተቆርጧል ካልን፣ ታዲያ መጸለያችን ምን ያደርግለታል?»

ፊንላይ እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ከተጠየቀ ከጠላም ከወይንም ይበልጥበታል። አንገቱን ደፍቶ ጀመረ። ጳውሎስን ጠቀሰ፣ አውግስጢኖስን ጠቀሰ፣ የሟች አያቱን ጠቀሰ። አንድም ጊዜ ቀና አላለም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ገና ሁለተኛውን ነጥብ አልጨረሰም ነበር። ቄሱ በሩ ላይ ቆመው «ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው» እያሉ ሰውን አጣደፉት። ቶርከል ተገላገልኩ ብሎ ተነፈሰ።

የማታውንም ጸሎት ጨርሰው ሲመለሱ፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ቶርከል አንዴ ብቻ ሰረቅ አድርጎ አየ። ቀዩ እዚያው ነው። ከቦታው ፈቀቅ አላለም። ጎሽ አለ በልቡ፣ አፍራ ቁጭ ብላለች፤ ሲጨልም ሹልክ ብላ ትገባለች፣ ያለዚያም ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች። ሰኞ ትመጣለች፣ እቆጣታለሁ፣ ትስቅብኛለች።

ቤት ገብተው ሾርባ ሲበሉ ቤሃክ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ደህና ናት አይደል?»

«ደህና ናት።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ይሰማኛል።»

ቤሃክ ማንኪያዋን መልሳ አነሳችና «እኔም ይሰማኛል» አለች። አልጋዋ እንደተነጠፈ አደረ።

ሰኞ ሲነጋ ሺላስ አልመጣችም። ቶርከል ጎረቤቱን ሩሪን ቀሰቀሰው። ሩሪ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ተራራ ሲወጣ እግዜርን ያማርራል። አራት ሰዎች ሆነው ከሁለት ውሻ ጋር ወጡ። ቶርከል የተለመደውን መንገድ ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሸንተረሩ ጫፍ ያዘ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ያለችው ጎጆው ውስጥ ነው ካልክ በዚህ ገደል ምን ታስወጣኛለህ?» አለ ሩሪ እያለከለከ።

ቶርከል ሽቅብ መውጣቱን ቀጠለ። ሩሪም ደግሞ አልጠየቀም፤ አለመጠየቁ ቶርከልን አልገረመውም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር።

ትልቁ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ቀዩን አገኙት። ጃኬት ብቻ ነው፤ ሰው የለበትም። ምርኩዟ ከድንጋይ ክምር መካከል ተሰክቷል፣ ጃኬቱ በሁለት እጅጌው ምርኩዙ አናት ላይ ተቋጥሯል፣ ነፋሱ ያርገበግበዋል። ሺላስ ከሥሩ ተጋድማ ነበር። የለበሰችው ስስ ሹራብ ነው። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ክርኖቿ ተልጠዋል፣ ጥፍሮቿ ውስጥ ጭቃ ገብቷል። አንዱ ውሻ አሸተታትና ተመልሶ ቶርከል እግር ሥር ተኛ።

ቶርከል ተንበርክኮ ፊቷን ነካ። ድንጋይ የነካ መሰለው። ኮቱን አውልቆ አለበሳት፣ እስከ አንገቷ ቆለፈላት። ሩሪ «ቶርከል፣ ተው» ቢለው አልሰማም፤ አንድ አንድ እያለ ቁልፉን ቆለፈ።

ሌሎቹ ሁለቱ ዱካዋን ወደ ማዶ ተከትለው ተመለሱ። የወደቀችው ከሸንተረሩ ማዶ በታች፣ ጅረቱ ዳር ካለው አለት ላይ ነው፤ ቅዳሜ በጭጋጉ ጊዜ መሆን አለበት። ከዚያ ጀምሮ ሣሩ ተጎትቷል፣ ደምም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስትሳብ ነው ያደረችው።

«ግን ጎጆው እኮ ለወደቀችበት ይቀርብ ነበር» አለ አንደኛው። «ቁልቁለትም ነው። ማገዶ አለ፣ ምድጃ አለ። ምን ነክቷት ነው ሽቅብ የተሳበችው?»

ቶርከል እሷ የተጋደመችበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ታች አየ። ከዚያ ቦታ መንገዱ ከድልድዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር እንደ መዳፍ ይታያል። ያን ጊዜ ገባው። ልጅቱ እሁድ መሆኑን ታውቃለች። እሁድ እኩለ ቀን መንደሩ ሁሉ፣ አንድ ሰው ሳይቀር፣ በዚያ መንገድ እንደሚያልፍ ታውቃለች። ወደ እሳት ከምሳብ ወደ ሰው ልሳብ ብላ ነው። በዚያ ነፋስ ጃኬቷንም ያወለቀችው እንዲያዩዋት ነው።

ሐኪሙ ከከተማ መጥቶ አያት። «ብርዱ ነው የገደላት» አለ። «እሁድ አመሻሽ ላይ ነው ያለፈችው፣ ከዚያ አይቀድምም።» ቶርከል ይህን ሲሰማ ሰዓቱን ወደ ኋላ ቆጠረ። እኩለ ቀን ላይ በሕይወት ነበረች ማለት ነው። እሱ ስለ ጽድቅ ሲከራከር እያየችው ነበር።

ስብሰባው ቀረ። ማርሳሊ ረቡዕ በመርከብ መጣች። ያመጣት ቶርከል ነው፤ ከወደቡ እስከ መንደር ባለው በዚያ ሁሉ መንገድ ሊነግራት አሥር ጊዜ አፉን ከፈተ፣ አሥር ጊዜ ዘጋ። እሷም አልጠየቀችውም። አንዴ ብቻ «ብቻዋን ናት የሞተችው?» አለችው። «አዎ» አላት። መኪና በመጣ ቁጥር ጣቱን አነሳ፣ ሌላ ምን ያድርግ።

ሐሙስ ጠዋት ቀብር ሆነ። እኛ ዘንድ ሬሳ በመኪና አይሄድም። ሳጥኑ ቃሬዛ ላይ ይሆንና ወንዶች በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ፤ ስምንት ሰው ተሸክሞ ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ለሚቀጥሉት ስምንት ይለቃል፣ እንዲያ እንዲያ እየተቀባበሉ መቃብሩ ድረስ። ያልተሸከመ ወንድ አይኖርም። ጠላትም ቢሆን ይሸከማል። ሟችን በትከሻ አለመንካት ትልቅ ነውር ነው። ሴቶች ከቤቱ በር ላይ ይሸኛሉ።

ቄሱ ጸልየው ሲጨርሱ፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ቶርከል ከረድፉ ወጣ።

«ከማንሳታችን በፊት የምናገረው አለኝ።»

«ቶርከል፣ ከቀብሩ በኋላ ቢሆን አይሻልም?» አሉት ቄሱ።

«አይሻልም፣ አባቴ። ከአሁን ካለፈ አልናገረውም።» ወደ ማርሳሊ ዞረ። «እሁድ እኩለ ቀን አይቻታለሁ። ቀዩን አይቻለሁ። ሰንበት የሻረች መሰለኝ። ፊንላይ እንዳያያት ብዬ ጋረድኩት፣ በክርክር ያዝኩት። ማታ ስመለስም አየሁ። ቤቴ ገብቼ ሾርባ በላሁ። እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ማርሳሊ።»

ቶርከል ፊንላይ እንዲናገር፣ እንዲሰድበው፣ እንዲያወግዘው ጠበቀ። ፊንላይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔም አይቻለሁ» አለ።

«ምን?»

«ካንተ በፊት ነው ያየሁት። ገና ድልድዩ ሳንደርስ። ቶርከል ልጄ የሚላት እሷን ነው፣ እኔ እያየሁ ካያት በኀፍረት ይሞታል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጥያቄህን ስታመጣልኝ እሰይ አልኩ። ያን ያህል የለፈለፍኩት ቀና እንዳትል ነው።» ከዚያ አለቀሰ። ፊንላይ ሲያለቅስ ሃልቫዴል አይቶ አያውቅም።

ከበሩ ላይ ቤሃክ ተናገረች። «እሁድ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የዘረጋሁት ለምን ይመስላችኋል? ዝናብ ነበር? ከኋላዬ ያሉት ሴቶች እንዳያዩብኝ ነው።» አጠገቧ ያለችው ሴት ፊቷን በሻርፕ ሸፍና «እኛም አይተን ነው ከጃንጥላሽ ሥር የገባነው» አለች። ሩሪ ልጆቹን መሬት መሬት እያያችሁ ሂዱ ብሎ እንደነበር ተናገረ። አንዱ ሲናገር ሌላው ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ቄሱ መነጽራቸውን አውልቀው «እኔም ከበሩ ላይ አይቻለሁ» አሉ። «አጣድፌ ያስገባኋችሁ ለዚያ ነው።»

እንግዲህ እዩት። ክፋት ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። አንድ ክፉ፣ አንድ አሳባቂ፣ ጣቱን ቀስሮ «ያቻትላችሁ፣ ሰንበት ስትሽር!» የሚል አንድ ባለጌ ቢገኝ ኖሮ ሰው ሁሉ ቀና ይል ነበር፤ ቀና ካለ ደግሞ አንዱ «ይህቺ ልጅ ለምን አትንቀሳቀስም?» ማለቱ አይቀርም ነበር። ባለጌ ጠፋ። ሁላችንም ጨዋዎች ነበርን። ይሉኝታ ነው ልጅቱን የበላት።

ማርሳሊ እስካሁን አላለቀሰችም። አሁንም አላለቀሰችም።

«ስንት ነበራችሁ?» አለች።

ወንዶቹ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

«ስንት ነበራችሁ ነው የምለው!»

«ስልሳ እንሆናለን» አለ ፊንላይ።

«ስልሳ» አለች። «እኔ ነኝ የነገርኳት። ልጅ ሆኜ እዚያ ድንጋይ ጋ በግ እጠብቅ ነበር። ‹የኔ ልጅ፣ ሃልቫዴል ውስጥ ሰው አይጠፋም፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ እሁድ እኩለ ቀን መንደሩን በሙሉ ታዪዋለሽ፣ እነሱም ያዩሻል› እያልኩ አሳደግኋት። አልዋሸኋትም። አይታችኋታል።» ወደ ሳጥኑ ሄዳ እጇን ጫነችበት። «አንድ ሰው አይቶ ቢያልፍ፣ ሰው ይሳሳታል ብዬ ይቅር እል ነበር። ስልሳ ሰው ይቅር ማለት እኔ አልችልበትም። ልጄን ማናችሁም አትሸከሟትም።»

«ማርሳሊ!» አሉ ቄሱ። «እንዲህማ አይሆንም፣ ነውር ነው።»

«ነውር?» አለቻቸው። ወደ ቶርከል ዞረች። «ቶርከል፣ መኪና አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«አምጣው።»

አመጣው። የፖስታ ከረጢቶቹን አውርዶ ከኋላ ቦታ አደረገ። ሳጥኑን ያስገቡት ከማርሳሊ ጋር ከግላስጎው የመጡት ሁለት የሺላስ የሥራ ባልደረቦች፣ ሐኪሙና ለቀብሩ የመጣ አንድ የመርከብ ሠራተኛ ናቸው፤ የኛ ሰው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ አየ። ማርሳሊ ከፊት ተቀመጠች። ቶርከል በእርጋታ ነዳ።

ወንዶቹ የሚሸከሙት ሲያጡ ሌላ የሚያደርጉት ጠፋቸው። በመንገዱ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንደ ወጉ አንገታቸውን ደፍተው። መኪናው መካከላቸው ሲደርስ ማርሳሊ የቶርከልን ክንድ ያዘች።

«አቁም።»

አቆመ። መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ከግራ ወደ ቀኝ የተደፋውን አናት ሁሉ አንድ በአንድ አየችው።

«ቀና በሉ» አለች። «ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የሥራ ቀን ነው። እዩአት።»

ቶርከል አንገቱን መልሶ ወደ ሳጥኑ አየ። እኛም ቀና አልን።